የአንጀት ብግነትና የሲሪንቃ ማዕድ፦ የአመጋገብ ዳሰሳ

የአንጀት ብግነት ሕመም የሚባለው፣ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት በአንጀት ውስጥ ያለ ልክ ተነሣሥቶ የአንጀቱን ግድግዳ ለረጅም ጊዜ ሲያስቆጣውና ሲያቆስለው የሚፈጠር፣ ለወራት ወይም ለዓመታት ጋብ ካለ በኋላ ተመልሶ የሚያገረሽ ሕመም ሲሆን፣ በዚህ አንድ ስም ሥር ጠባያቸው የተለያየ ሁለት ሕመሞች ይጠቃለላሉ። አንደኛው እንግሊዛዊው ሐኪም ሳሙኤል ዊልክስ እ.ኤ.አ. በ1859 የጻፈበት አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ነው፤ ይህ ትልቁን አንጀት ብቻ የሚይዝ፣ ከፊንጢጣ ጀምሮ ሳይቆራረጥ ወደ ላይ የሚዘልቅና የውስጠኛውን ሽፋን የሚያቆስል በመሆኑ ዋነኛ ምልክቱ ደምና ንፍጥ የቀላቀለ ተቅማጥ ነው። ሁለተኛው በርል ክሮን፣ ሊዮን ጊንዝበርግና ጎርደን ኦፐንሃይመር የተባሉ የኒው ዮርክ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1932 ያስተዋወቁት የክሮንስ ሕመም ሲሆን፣ ይህኛው ከአፍ እስከ ፊንጢጣ ባለው መንገድ ሁሉ ሊታይ የሚችል፣ አንዱን ስፍራ ዘሎ ሌላውን የሚይዝ፣ ግድግዳውን ዘልቆ የሚያቆስል፣ ሲቆይም አንጀቱን የሚያጠብና ፊስቱላ የተባለውን ከተፈጥሮ ውጭ የሆነ ቀዳዳ የሚከፍት ነው። ይህ ልዩነት የሐኪም ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታለፍ የለበትም፤ ምክንያቱም አንጀቱ የጠበበበት ሰው አንድ እፍኝ ቆሎ ሲበላ የሚደርስበት አደጋ፣ ጥበት የሌለውና ሕመሙ ጋብ ያለለት ሰው ያንኑ ሲበላ ከሚሰማው የሆድ መነፋት ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ስለዚህ ሕመም የአመጋገብ ምክር በአማርኛ የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ከሌላ አገር ገበታ የተቀዳ ዝርዝር ነው፤ ሳልሞን ዓሣ፣ የአጃ ቂንጬ፣ የወይራ ዘይት፣ ስሙ እንኳ በገበያ የማይታወቅ የቤሪ ፍሬ። ዝርዝሩ ስሕተት ባይኖርበትም፣ በሰሜን ወሎ በሐብሩ ወረዳ፣ በወልድያና በመርሳ መካከል፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ለምትገኘው ለሲሪንቃ ማዕድ ቤት የሚነግረው ነገር እምብዛም ነው። በሲሪንቃ ዙሪያ የሚዘራው ማሽላ፣ ጤፍ፣ ሽምብራና ማሾ ነው፤ በመርሳና በግራና በኩል በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ በየጓሮውም ብርቱካን፣ ማንጎና ፓፓያ ይለማል፤ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም ግራና-1ን የመሳሰሉ የማሽላ ዝርያዎችን አሻሽሎ ለገበሬው ያወጣ ተቋም ነው። ይህ ዳሰሳ የሚከራከርለት ሐሳብ፣ ለአንጀት ብግነት ሕመምተኛ የሚስማማው ምግብ በአብዛኛው በዚሁ አካባቢ ጎተራና ጓሮ ውስጥ እንደሚገኝ፣ መለወጥ ያለበትም በአመዛኙ አዘገጃጀቱ ማለትም መፈተጉ፣ መሸክሸኩ፣ መነፋቱ፣ መቡካቱና መብሰሉ እንደሆነ ነው።

ከምግቡ አስቀድሞ ግን የሕመሙ ስም መጣራት ይኖርበታል። በኢትዮጵያ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የያዘው ሰው «አሜባ ነው» ይባላል፤ ደሙ ያለ ተቅማጥ ሲታይ «ኪንታሮት»፣ ቁርጠቱ ሲጠና ደግሞ «ጨጓራ» ይባላል። ግምቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ አሜባ፣ ሺጌላና ቢልሃርዚያ በእርግጥም አንጀትን የሚያደሙ ናቸው፤ የአንጀት ሳንባ ነቀርሳም የትንሹ አንጀት መጨረሻ ከትልቁ አንጀት ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ላይ ስለሚያርፍ ከክሮንስ ሕመም ለመለየት የሠለጠነ ሐኪምን እንኳ ያስቸግራል። ስሕተቱ በሁለቱም አቅጣጫ ይጎዳል፦ የአንጀት ብግነት ያለበት ሰው የአሜባ መድኃኒት ደጋግሞ እየወሰደ ዓመታት ሲያልፉት፣ አሜባ ወይም ነቀርሳ ያለበት ሰው ደግሞ ለብግነት የሚሰጠውን ፕሬድኒሶሎን ቢወስድ የመከላከል አቅሙ ተዳክሞ ሕመሙ በፍጥነት ሊሠራጭበት ይችላል። ስለዚህ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ ተቅማጥ፣ በሰገራ ላይ የሚታይ ደም፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ቁርጠትና ያለ ምክንያት መክሳት የሰገራና የደም ምርመራ፣ ከዚያም በመነጽር የሚደረገውን ኮሎኖስኮፒና የናሙና ምርመራ ይጠይቃሉ። ሆድ በታመመ ቁጥር ፌጦ በሎሚ መጠጣት ወይም ኮሶ መሞከር የቆየ ልማድ ነው፤ ነገር ግን በቆሰለ አንጀት ላይ ፌጦ የሚጨምረው ማቃጠልን ሲሆን፣ ኮሶም ለኮሶ ትል የታወቀ የሚያስቀምጥ መድኃኒት እንጂ ለብግነት የሚሆን አይደለም።

ምግብ ሕመሙን ያመጣል ወይ ለሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ ብርሃን የሰጠው የስደተኞች ታሪክ ነው። በኡጋንዳ ለረጅም ጊዜ የሠራው ቀዶ ሐኪም ዴኒስ በርኪት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ በአውሮፓ የተለመዱ የአንጀት ሕመሞች በአፍሪካ ገጠር እምብዛም የማይታዩት ሕዝቡ አሰር የበዛበት ምግብ ስለሚመገብ ነው ብሎ ነበር፤ አሰር የሚባለው በእህል፣ በጥራጥሬ፣ በአትክልትና በፍራፍሬ ውስጥ ያለው፣ ትንሹ አንጀት ሊፈጨው የማይችለው ክፍል ነው። የበርኪት አባባል ሁሉንም ነገር በአንድ ምክንያት የማስረዳት ዝንባሌ የነበረበት ቢሆንም፣ ኋላ በኢትዮጵያውያን ላይ የታየው ነገር አቅጣጫውን የሚደግፍ ነው። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ (በዚህኛው ብቻ ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓታት ውስጥ ተጓጉዘዋል) ወደ እስራኤል በሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ዘንድ የአንጀት ብግነት ሲገቡ እምብዛም የማይታወቅ ሕመም ነበር፤ መታየት የጀመረው ኑሮውን ከለመዱ ከዓመታት በኋላ ነው። ዘራቸው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ውሃው፣ ንጽሕናው፣ የሚወሰደው መድኃኒትና ማዕዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በ21 አገሮች የሚኖሩ ከ116,000 በላይ ሰዎችን የተከታተለ ጥናትም፣ በፋብሪካ ብዙ ጊዜ የተቀነባበሩ ምግቦችን ማለትም ጣፋጭ መጠጥ፣ የታሸገ ብስኩትና የተዘጋጀ ሥጋ አብዝተው የሚወስዱ ሰዎች ለዚህ ሕመም ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው እንደተገኙ አመልክቷል። ዛሬ በየሱቁ ኢንዶሚ፣ ጣፋጭ ብስኩትና በጠርሙስ የታሸገ ለስላሳ ከሽሮ ዱቄት ጎን ተደርድሮ መታየቱ በዚህ ዓይን ሲታይ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ይህ ማለት ግን ሕመሙ የያዘው ሰው በምግብ ጥፋቱ ታመመ ማለት አይደለም፤ የዘር ዝንባሌ፣ በአንጀት የሚኖሩት ረቂቅ ተሕዋስያንና ሲጋራን የመሳሰሉ ነገሮች ተደራርበው የሚያመጡት ነውና።

ወደ ማሽላው ስንመለስ፣ መጀመሪያ የሚነሣው የቀለም ነገር ነው። ዘንጋዳን የመሰሉ ቀያይ ማሽሎች ታኒን የተባለ ጎምዛዛ ንጥረ ነገር በብዛት ይይዛሉ፤ ታኒን ወፍን ከእህሉ ያርቃል፣ ግን ፕሮቲንንና ብረትን ጨብጦ ስለሚይዝ አንጀት እንዳይወስዳቸው ያደርጋል። ነጩ ማሽላ ታኒኑ አነስተኛ ነው። ከዚህም ሌላ የማሽላ ፕሮቲን ዋና ክፍል የሆነው ካፊሪን በውሃ ሲበስል ይጠነክርና ለመፈጨት ይከብዳል፤ ሊጡ ሲቦካ ግን መፈጨቱ ይሻሻላል። የወሎ ሴቶች ማሽላን በሙቀጫ ሸክሽከው ገለፈቱን የሚያነሡት፣ ዱቄቱን በወንፊት የሚነፉትና ሊጡን በእርሾ አቡክተው የሚጋግሩት ለጣዕሙና ለልስላሴው ቢሆንም፣ ሦስቱም ሥራዎች ለቆሰለ አንጀት የሚጠቅሙ ናቸው፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የማይሟሟውን ሸካራ አሰርና ታኒኑን ይቀንሳሉ፤ ሦስተኛው ደግሞ ፊቲክ አሲድ የተባለውን ብረትና ዚንክ አሳሪ ያፈርሳል። በነገራችን ላይ፣ የወሎ ማሽላ በዓለም የታወቀበት አንድ ምክንያት ይኸው የፕሮቲን ጉዳይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሲንግና አክስቴል የተባሉ ተመራማሪዎች ከመላው ዓለም የተሰበሰቡ በሺዎች የሚቆጠሩ ማሽሎችን ሲፈትሹ፣ ላይሲን የተባለውን ለሰውነት የግድ አስፈላጊ የፕሮቲን ክፍል ከተለመደው በእጅጉ አብልጠው የያዙ ሆነው ያገኟቸው ሁለቱ ከወሎ የተወሰዱ ነበሩ። ገበሬው የዚህን ዓይነቱን ማሽላ «ወተት በጉንጬ» ሲለው የቆየው ላብራቶሪ ሳያስፈልገው ነው።

ጤፍ ፍሬው ከማነሱ የተነሣ ገለፈቱ የማይነሣ፣ ስለዚህ ሁልጊዜ ከነሙሉ አሰሩ የሚበላ እህል ነው፤ ግሉተን ባይኖርበትም ይህ ለአንጀት ብግነት በራሱ መድኃኒት አያደርገውም፤ ግሉተን የሚጎዳው ሴሊያክ የተባለ ሌላ ሕመም ያለበትን ሰው ነውና። የጤፍ እንጀራ በአግባቡ ሲቦካና አብሲት ሲገባበት ለስላሳና በቀላሉ የሚፈርስ በመሆኑ፣ ሕመሙ ጋብ ባለበት ጊዜ ብዙዎች ያለ ችግር የሚበሉት ምግብ ነው፤ በግርሻት ጊዜ ደግሞ መጠኑን ቀንሶ በአሊጫ መረቅ ማራስ ይሻላል። የጥራጥሬ ነገር ይበልጥ ግልጽ ነው። ሽምብራ በቆሎና በንፍሮ መልክ ሲበላ፣ ክክ ሆኖ ሲቀቀልና ተቆልቶ ተከክቶ በደቃቁ ተፈጭቶ ሽሮ ሲሆን አንድ እህል ሆኖ ሳለ ለአንጀት ግን ሦስት የተለያዩ ምግቦች ነው። የክክ አልጫና ቀጠን ያለች፣ በደንብ የበሰለች ሽሮ ቅርፊቱ የተነሣላቸው በመሆናቸው ከንፍሮ ይልቅ የሚመከሩ ናቸው፤ ማሾም ተከክቶ ሲበስል በቶሎ ይልማል። የሽሮ ዱቄት ከገበያ የሚገዛ ከሆነ ጓያ የተቀላቀለበት እንዳይሆን መጠንቀቅ ተገቢ ነው፤ ጓያን ለረጅም ጊዜ ዋና ምግብ ማድረግ እግርን ሽባ እንደሚያደርግ የታወቀ ነውና።

ሽንኩርት የኢትዮጵያ ወጥ መሠረት ስለሆነ ስለ እርሱ ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ፍሩክታን የተባለ፣ በትንሹ አንጀት የማይፈጭና በትልቁ አንጀት ውስጥ ጋዝ የሚፈጥር ስኳር አላቸው፤ ብግነቱን አያመጡም፣ ግን ሆድ የሚነፋና የሚያጉረመርም ሰው ከቀነሳቸው ይቀለዋል። እዚህ ላይ የንጥር ቅቤ ዘዴ የሚደነቅ ነው፦ ፍሩክታን በውሃ እንጂ በቅባት ስለማይሟሟ፣ ቅቤው ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉና ከኮረሪማው ጋር ተነጥሮ ሲጣራ ሽታውና ጣዕሙ በቅቤው ውስጥ ይቀራል፣ ፍሩክታኑ ግን ከአተላው ጋር ይወገዳል። በዚህ ቅቤ ትንሽ ማንኪያ የተነካካ ድንች ወይም ካሮት ያለ ሽንኩርት ቁሌት ወጥ ወጥ ይላል። በርበሬና ሚጥሚጣን በተመለከተም የሚባለው ከሚታወቀው ይበልጣል፤ በርበሬ አንጀትን «ቆረጠው» የሚባለው አነጋገር እውነትነት የለውም፣ ሕመሙን እንደሚያመጣም የሚያሳይ ማስረጃ የለም፤ ነገር ግን በቆሰለ ፊንጢጣ ላይ ማቃጠሉና የማማጥ ስሜቱን ማባባሱ እርግጥ ስለሆነ፣ ግርሻቱ እስኪያልፍ አሊጫ መብላት፣ ሲሻል ደግሞ ቀስ በቀስ መመለስ ነው።

ሳይንሱ እስካሁን የፈተናቸው የአመጋገብ ሥርዓቶች ጥቂት ናቸው። በሕፃናትና በታዳጊዎች የክሮንስ ሕመም ላይ በጥንካሬ የተረጋገጠው፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሌላ ምግብ ሳይነካ በፋብሪካ የተዘጋጀ ፈሳሽ ምግብ ብቻ መውሰድ ሲሆን፣ በአውሮፓ ከፕሬድኒሶሎን በፊት የሚሞከር ሕክምና ሆኗል፤ ዋጋውና አቅርቦቱ ግን ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ የሚቀመስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የእስራኤልና የካናዳ ሙከራ ግን ሌላ በር ከፍቷል፦ የፈሳሹን መጠን ቀንሶ በዶሮ ሥጋ፣ በእንቁላል፣ በድንች፣ በሙዝና በአፕል ላይ የተመሠረተ፣ የተቀነባበረ ምግብን፣ ስንዴንና የወተት ተዋጽኦን ያገለለ ምግብ የተሰጣቸው ልጆች በ12ኛው ሳምንት 75.6 በመቶው ፕሬድኒሶሎንን የመሰለ ስቴሮይድ ሳይወስዱ እፎይታ ላይ ሲገኙ፣ በፈሳሽ ብቻ ከጀመሩት ግን 45.1 በመቶው ነበሩ። ከአምስቱ ምግቦች አራቱ በሐብሩ ገበያ የሚገኙ መሆናቸው ልብ የሚባል ነው፤ ሆኖም የልጅ እድገት የሚለካ ሐኪም ሳይኖር ይህን በቤት መሞከር አደገኛ ነው። በአዋቂዎች ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ 194 የክሮንስ ሕመምተኞችን ያካተተ ሙከራ፣ እህልን፣ ስኳርንና ድንችን ጨርሶ የሚከለክለውን ጥብቅ ሥርዓት አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ ፍራፍሬ፣ ዓሣና የወይራ ዘይት ከሚበዛበት የሜዲትራኒያን አመጋገብ ጋር ሲያነጻጽር፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ የተሻላቸው በመጀመሪያው 46.5 በመቶ፣ በሁለተኛው 43.5 በመቶ ሆነዋል፤ ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ስለዚህ እንጀራን ያህል ነገር ከማዕድ የሚያስወጣ ጥብቅ ክልከላ ያለ ትርፍ የሚከፈል ዋጋ ነው። የሜዲትራኒያኑን አመጋገብ ወደ ወሎ ማምጣት የሚከብድ አይመስልም፤ ጥራጥሬው፣ ጎመኑና ፍሬው ቀድሞም አለ፤ የወይራን ዘይት በኑግ ዘይት መተካት ግን እኩል ለውጥ አይደለም፣ የሁለቱ ቅባት ዓይነት ለየቅል ነውና።

ማዕዱን የሚወስነው የሕመሙ ወቅት ነው። በግርሻት ጊዜ ምግቡ ትንሽ ትንሽ እየሆነ በቀን አምስትና ስድስት ጊዜ ቢቀርብ ይሻላል፦ ጠዋት የተነፋ ዱቄት አጥሚት ወይም ገንፎ፣ ረፋድ ላይ የበሰለ ሙዝ፣ ቀን የተፈጨ ድንችና የዶሮ መረቅ፣ ከሰዓት እርጎ ለሚስማማው እርጎ፣ ማታ በክክ አልጫ የራሰ ጥቂት እንጀራ። ገንፎው ወፍሮ ለመዋጥ ካስቸገረ ጥቂት የገብስ ብቅል ዱቄት ጣል ማድረግ ቶሎ ያቀጥነዋል፤ በብቅሉ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ስታርቹን ስለሚሰባብረው፣ ውሃ ሳይጨመር፣ ኃይሉም ሳይቀንስ ይጠጣል፤ ጠላ ጠማቂዎች ለሌላ ዓላማ የሚያውቁት ጥበብ ነው። ተቅማጡ ከበዛ ከሁሉ የሚቀድመው ኦ.አር.ኤስ. ሲሆን፣ አንዱ ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፤ ከጠፋ በአንድ ሊትር ውሃ ስድስት ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይተካዋል። አንጀቱ የጠበበበት ሰው ወቅት ሳይመርጥ ከቆሎ፣ ከንፍሮ፣ ከበቆሎ እሸት፣ ከኦቾሎኒ፣ ከጥንቅሽ ገለባና ከብርቱካን ሽፋን መራቅ አለበት፤ የመርሳን ብርቱካን ጨምቆ አጣርቶ መጠጣት ግን ይችላል፤ ጎመንም ዘንጉ ተነሥቶ፣ ደቆ ተከትፎ፣ እስኪልም ሲበስል ይፈቀዳል። ሕመሙ ጋብ ሲልና ጥበት ከሌለ ደግሞ አሰርን ፈርቶ መቅረት ስሕተት ነው፤ በተልባ፣ በድንች፣ በካሮትና በተላጠ ፍሬ ያለው የሚሟሟ አሰር ለትልቁ አንጀት ሕዋሳት ምግብ የሚሆነውን ቡታይሬት የሚያመርቱ ተሕዋስያንን ይመግባልና።

ከክልከላው ይልቅ የሚጎዳው የምግብ ማነስ ነው። ሕመሙ በተነሣበት ጊዜ የአውሮፓ የሥነ ምግብ መመሪያ ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ይመክራል፤ 55 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ ከ66 እስከ 83 ግራም መሆኑ ነው። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል አነስተኛ በመሆኑ አንዱ አምስት ግራም ያህል፣ ግማሽ ሊትር እርጎ 16 ግራም ያህል፣ 100 ግራም ጥሬ የዶሮ ሥጋ 20 ግራም ያህል፣ ከ50 ግራም ሽሮ ዱቄት የሚወጣ ወጥ 10 ግራም ያህል ይሰጣል፤ ሁለት እንቁላል ጨምሮ ይህ ሁሉ ሲደመር 56 ግራም ነውና፣ ከ100 ግራም ጤፍ የሚወጣ እንጀራ ሲታከልበት ዝቅተኛው መጠን ይሞላል። በጾም ቀን ያንኑ ለማግኘት ወደ 150 ግራም ጥራጥሬና 300 ግራም የጤፍ ዱቄት መብላት ያስፈልጋል፤ ይህን ያህል አሰር የቆሰለ አንጀት አይችለውም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን በዓመት እስከ 180 ቀን ገደማ እንደሚጾሙ ሲታሰብ፣ ጾሙ በግርሻት ላይ ሲወድቅ ሒሳቡ ምን እንደሚሆን ግልጽ ነው። የቤተ ክርስቲያኒቱ ሥርዓት ለሕመምተኛ ያላላል፤ የእስልምና ድንጋጌም በሽተኛው ረመዳንን አፍጥሮ ሲሻለው እንዲያካክስ፣ የማይሻለው ከሆነ ድኻ እንዲመግብ ይፈቅዳል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ መንደር በሚኖሩባት በሐብሩ፣ የንስሐ አባትና ሸኽ ከሐኪሙ እኩል የሕክምናው አካል ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ሕመምተኛው ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው የእነርሱን ፈቃድ ነውና።

መድኃኒቱም ራሱ ከምግብ ጋር የሚያያዝ ጣጣ አለው። ለብግነቱ የሚታዘዘው ሰልፋሳላዚን፣ ፎሌት የተባለው ቫይታሚን ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያስቸግር፣ ክክ ምስርና ጎመን ከመብላት ሌላ ሐኪሙ ፎሊክ አሲድ ያዝዛል። ፕሬድኒሶሎን አጥንትን ያሳሳል፣ የደም ስኳርንም ይጨምራል፤ ለካልሲየሙ ከአይብ ይልቅ እርጎ ይመረጣል፤ አይብ ሲወጣ ካልሲየሙ አብዛኛው ከአጓቱ ጋር ይሄዳልና። የትንሹ አንጀት መጨረሻ በቀዶ ሕክምና የተቆረጠለት ሰው ቫይታሚን ቢ 12ን በአፍ በሚበላው ምግብ ማግኘት ስለማይችል በመርፌ ይወስዳል፤ እንዲህ ያለው ሰው ለኩላሊት ጠጠርም የተጋለጠ በመሆኑ፣ ኦክሳሌት የበዛበትን ቆስጣ ትቶ የሐበሻ ጎመን ቢመርጥ ይበጀዋል። ደም ለሚፈሰው ሰው ብረት የሚገኘው ከሥጋ፣ ከጤፍና ከምስር ሲሆን፣ ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ብረቱን ይይዙታል፤ ስለዚህ ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ቢዘገይ፣ በማዕዱ ላይም ሎሚ ወይም ፓፓያ ቢጨመር ጥሩ ነው። አዛቲዮፕሪንን የመሰለ የመከላከል አቅምን የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጥሬ ሥጋን፣ ያልፈላ ወተትንና በደንብ ያልታጠበ ሰላጣን መተው አለበት፤ እርጎ ከወደደ ወተቱን አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ፣ ከዚያ ያርጋው። ጫት የምግብ ፍላጎትን ስለሚዘጋ እየከሳ ላለ ሰው ጠላት ነው፤ ሲጋራ ደግሞ የክሮንስን ሕመም እንደሚያባብስ ያለ ጥርጥር ተረጋግጧል።

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ወልድያንና አካባቢዋን ባዳረሰ ጊዜ፣ ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ሰዎች መድኃኒታቸውን አጥተው ቆይተዋል፤ እንዲህ ባለው ጊዜ ምግብ መድኃኒትን ሊተካ እንደማይችል፣ ነገር ግን መድኃኒቱ እስኪደርስ ሰውነትን ሊያቆየው እንደሚችል መለየት ያስፈልጋል። በሰላሙም ጊዜ ቢሆን ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከገበታው አቀማመጥ ነው። በአንድ ትሪ ዙሪያ በሚበላበት ቤት የሕመምተኛን ሳህን መለየት የማግለል ያህል ይሰማል፤ ለእንግዳ ጉርሻ እምቢ ማለትም ነውር ነው። መፍትሔው ለብቻ ማብሰል ሳይሆን ቀድሞ መቀነስ ነው፦ ክኩ ተቀቅሎ ወደ ቁሌቱ ከመግባቱ በፊት አንድ ጭልፋ ማውጣት፣ የተነፋውን ዱቄት ለይቶ መጀመሪያ ሁለት እንጀራ መጋገር፣ በትሪው ላይም አልጫውን በሕመምተኛው በኩል ማፍሰስ። አንድ ዶሮ ለአሥራ ሁለት ተከፍሎ ለሁሉም በሚዳረስበት ቤት፣ ለከሳው ሰው ሁለት ብልት መስጠት አድልዎ ሳይሆን ሕክምና መሆኑን ቤተሰቡ ቢነገረው ይረዳል። ምን በበላ ጊዜ ምን እንደተሰማው በደብተር ለአራት ሳምንት የሚጽፍ ሕመምተኛ፣ ከጎረቤት ምክር ሁሉ የበለጠ ለሐኪሙ የሚጠቅም ማስረጃ ይዞ ይቀርባል።

የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የተሳተፈበት አገር አቀፍ የአመጋገብ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2022 ወጥቷል፤ የተዘጋጀው ግን ለጤነኛ ሰው ነው፤ ለሕመምተኛ የሚሆነውን መጀመር የሚችሉት በአካባቢው ያሉ ተቋማት ናቸው። የሲሪንቃ ማዕከል አንድን የማሽላ ዝርያ ከማውጣቱ በፊት ምርቱን፣ ድርቅ መቋቋሙንና እንጀራው ማማሩን ይመዝናል፤ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የጤና ሳይንስ ትምህርት ክፍል አለ። ሁለቱ ተቋማት የሚራራቁት በአንድ አጭር የመኪና መንገድ ብቻ ስለሆነ፣ የተሸከሸከና የተነፋ ነጭ ማሽላ፣ ደቃቅ ሽሮና የማሾ ክክ በሕመምተኞች ገበታ ላይ እንዲፈተኑ በጋራ ቢጀምሩ፣ የሚወጣው ዝርዝር ሳልሞን የሌለበት፣ ገበሬው ከጎተራው አውጥቶ የሚያበስለው ይሆናል።